መምህር ደጀኔና የሁለት ሜትሩ ክር

ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የአበሻ ባር ስልኬን ላስሞላ ስገባ የመስታወቱ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። ፎቶግራፉን ከፔርሜሶው፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ላይ አንስተው አጉልተውታል መሰለኝ፣ ፊቱ ብዥ ብሏል። ክራባቱን ግን ወዲያው አወቅኩት። መምህር ደጀኔ ናቸው። ካረፉ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፣ ቀብራቸው በማግስቱ ነው። ከፎቶው ሥር «በአሰላ ከተማ ለብዙ ዓመታት የሒሳብ መምህር የነበሩት» ይላል።

ሐዘኑ ልቤ ሳይደርስ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሒሳብ! ሰውየው ይህን ቢያዩ ኖሮ፣ የገዛ ራሳቸው የሞት ማስታወቂያም ቢሆን፣ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ሳያርሙት ንቅንቅ አይሉም ነበር። የባሩን ባለቤት እስክሪብቶ ጠየቅኳት።

«ምን ልታደርጊ ነው ጽጌ?» አለችኝ።

ሒሳብ የሚለውን ሰርዤ ባዮሎጂ ብዬ ጻፍኩ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህር ደጀኔን ያወቅኳቸው መጥረጊያ ይዘው ነው። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ለአንድ የጽዳት ኩባንያ እሠራ ነበር። ከምናጸዳቸው ቦታዎች አንዱ ተመራማሪዎች ሕዋስ የሚያጠኑበት ትልቅ ሕንፃ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ገብተን፣ ባለቤቶቹ ሳይመጡ እንወጣለን። በመጀመሪያው ቀን አለቃችን ከአንድ ቀጭን፣ ጠይም ሽማግሌ ጋር አጣመረኝ። የኩባንያውን ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፣ ከቱታው ሥር ደግሞ ነጭ ሸሚዝና ቡናማ ክራባት። ሰርግ ያለባቸው መስሎኝ ነበር።

«ክራባቱ ለማን ነው ጋሼ? ሽንት ቤቱ እንዲያከብርዎት ነው?» አልኳቸው። አፌ ያኔም እንደዛሬው ነበር።

አልተቆጡም። «የገባነው ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ያለ ክራባት ገብቼ አላውቅም» አሉኝ።

አንድ የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው፦ «ስህተት ከእኔ ጋር አያድርም።» ይህን ሲሉ ቀልዳቸውን አልነበረም። የባሩን የምግብ ዝርዝር ያርማሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ያርማሉ፣ እኔ የማወራውን ጣልያንኛ ያርማሉ። አንድ ቀን ለአለቃችን «ሦስተኛውን ፎቅ አጥበናል» ብለው ቤታቸው ከደረሱ በኋላ፣ ያጠብነው ሁለተኛውን መሆኑ ትዝ ቢላቸው በአውቶቡስ ተመልሰው መጥተው ነገሩት። አንድ ነገር ባረሙ ቁጥር ጠመኔ እንደሚያራግፍ ሰው መዳፎቻቸውን ሁለቴ ያጋጩና «አሎራ፣ እንግዲህ ይሄ ተስተካከለ» ይላሉ።

ሰው ይወዱ ነበር። ሰው ግን እርማት አይወድም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌላው ተቧድኖ ሲሄድ እሳቸው ብቻቸውን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ ይወርዳሉ። የአትክልቱ ቦታ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበራቸው፣ እዚያ ተቀምጠው ስልክ ይደውላሉ። የተከራዩዋት ክፍል አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አላት። ባወቅኳቸው ዓመታት ሁሉ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ አላየሁም። እኔ እንኳ ስሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ወለል የምናጥብበት ማሽን ሃያ ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድ ነበረው። እኔ ሥራ ስጨርስ ገመዱን እንደመጣልኝ ሰብስቤ ጓዳ እወረውረዋለሁ። በማግስቱ ቋጠሮውን ስንፈታ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። አንድ ጠዋት መምህር ደጀኔ ትዕግስታቸው አለቀ።

«ነይ እዚህ» አሉኝ። «የእኔ አባት ሸማኔ ነበር። ክር መጠቅለል የማያውቅ ሰው እኛ ቤት እራት አይበላም። ለመሆኑ፣ ከሰውነትሽ ሕዋሳት መሃል በአንዷ፣ በዓይን በማትታይ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ፣ ስንት ክር ያለ ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሁለት ሜትር። ከአንቺ ቁመት ይበልጣል።»

«መምህር፣ ቁርስ ሳልበላ ቀልድ አይገባኝም።»

«ሁለት ሜትር ነው የምልሽ! ከእናትሽም ከአባትሽም የወረስሽው ሁሉ የተጻፈበት ክር ነው፣ ዲ ኤን ኤ የሚሉት። ያ ሁሉ ክር ያለው ደግሞ የሕዋሷ አስኳል ውስጥ ነው። አስኳሏ ከጤፍ ፍሬ ከመቶ ጊዜ በላይ ታንሳለች። እንዳንቺ ገመድ ቢወረወር ኖሮ ገና ድሮ ተተብትቦ፣ አንቺም እኔም እዚህ አልቆምንም ነበር።»

ከቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ያለቀባቸውን ባዶ የካርቶን ጥቅሎች ለቀሙ። ለእኛ ለጽዳት ሠራተኞች መቼም ይህ አይታጣም። ከአንድ እሽግ ላይ ሲባጎ ፈቱ። ጫፉን እኔን አስይዘው ሲባጎውን አንደኛው ጥቅል ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አሻግረው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ወሰዱት። ኮሪደሩ መሃል መቁጠሪያ የመሰለ ነገር ተንጠለጠለ።

«እነዚህ ቀሰሞች ናቸው በያቸው» አሉ። ቀሰም ሸማኔ ማጉን የሚጠቀልልባት አጭር የመቃ ቁራጭ ናት። «አስኳሏ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ቀሰም አለ። እያንዳንዷ ቀሰም ከስምንት ፕሮቲኖች የተገጣጠመች ናት። ክሩ ሁለት ዙር ሳይሞላ ይዞራትና ወደምትቀጥለው ያልፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሚሊዮኖችን ይዞራል። ከዚያ ቀሰሞቹ ይጠጋጋሉ፣ ይታጠፋሉ። ክሩም ቀሰሙም አንድ ላይ ክሮማቲን ይባላሉ።»

«በምንድን ነው የተጣበቀው?»

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ጠያቂ ካገኙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። «አልተጣበቀም! አልተቋጠረምም። ክሩ ኔጋቲቭ ነው፣ ቀሰሙ ፖዘቲቭ። ይሳሳባሉ እንጂ አይተሳሰሩም። ለዚህ ነው ሲያስፈልግ መፈታት የሚችለው። መነበብ ያለበት ቦታ ላላ ይላል፣ የማይፈለገው ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ ዝም ይላል። የዓይንሽም የጉበትሽም ሕዋስ የያዘው ክር ያው ነው፤ የሚለየው የትኛው ተፈትቶ የትኛው ተጠቅልሎ መቀመጡ ነው።»

«እርስዎስ የትኛው ነዎት መምህር? የተፈታው ነዎት የተጠቀለለው?»

ሲባጎውን በቀስታ መፍታት ጀመሩ። «ሥራችንን እንሥራ» አሉ።

ልጃቸው ሐዊ ትባላለች። አሰላ ውስጥ ከእህታቸው ጋር ነው የምትኖረው። የልጅቷ እናት የሞተችው ሐዊ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። እሳቸው ከማስተማር ተባረው አገር ጥለው ሲወጡ ልጅቷ አሥር አልሞላትም። ሮም እንደደረሱ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የነበረው ትልቁ የስደተኞች መቀበያ ውስጥ፣ ገና ሳይዘጋ፣ ዓመት ከመንፈቅ ቆይተዋል። በየእሑዱ ፒያሳ ቪቶሪዮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚደውሉት ለእሷ ነው። የአባትና የልጅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ አስይዘው ያስጽፏታል፣ ከዚያ ገጹን ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ እሳቸው በቀይ ያርሙታል።

ስለ እርማታቸው አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ሕንፃው ውስጥ ከሁሉም ቀድማ የምትገባ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ነበረች። መምህሩን «ፕሮፌሶሬ» ነው የምትላቸው። አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል እያሳየቻቸው ስታወራ ቆየች። መምህር ደጀኔ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው? ምን አለችዎት?»

«ቀሰሞቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ እንደ ስልክ ገመድ ተጠማዝዘው ወፍራም ክር ይሠራሉ እያልኩ ነው ያስተማርኩት። መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው። ብልቃጥ ውስጥ እንጂ በሕይወት ባለች ሕዋስ ውስጥ እንደዚያ የተስተካከለ ነገር ፈልገው አላገኙም አለችኝ። ወጣ ገባ ነው፣ የላላ ነው፣ እዚህ ጥቅጥቅ እዚያ ሳሳ ያለ ነው አለች።»

«ታዲያ የእርስዎ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? የተሳሳተው መጽሐፉ ነው።»

«መጽሐፉ ተሳሳተ፤ ያስተማርኩት እኔ።»

እሑድ ሲደርስ መጀመሪያ ሐዊን አሳረሟት። ከዚያ በፌስቡክ ያገኟቸውን የድሮ ተማሪዎች ሁሉ አንድ በአንድ እየጻፉላቸው ይቅርታ ጠየቁ። አንደኛው «መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ግን አሁን ጫማ ነጋዴ ነኝ» ብሎ መለሰላቸው። ሁለት ቀን ሳቅኩባቸው። እሳቸው ግን መዳፋቸውን አጋጭተው «ተስተካከለ» አሉ፣ የዚያን ሳምንት በደንብ ተኙ።

ሐዊን ወደ ሮም ለማምጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ኑላ ኦስታ የሚሉት፣ የወጣ ቀን መምህር ደጀኔ ሥራ ላይ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ነው። በዚያው ሳምንት ቀይ የሴት ልጅ ካፖርት ገዝተው ሁለተኛው ወንበር ላይ ሰቀሉት። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ የምቀመጠው ለዚህ ነው። «የሮም ብርድ አያውቃትም» ይሉ ነበር።

ከዚያ ከአዲስ አበባ፣ ከኤምባሲው ደብዳቤ መጣ። የልደት ወረቀቷ ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ አይበቃም፣ አባትና ልጅ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ያድርጉ ይላል። እኔ ደስ አለኝ። ምራቅ ሰጥቶ መጨረስ ነው፣ ስንቱ አበሻ አድርጎታል። ለዚያውም ስለዚህ ክር ከመምህር ደጀኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? እሳቸው ግን ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ስምንት ከሞላት ፈቃዱ አይሠራም፣ ጊዜው እየሄደ ነው።

ወሬ ባር ውስጥ ተወልዶ ባር ውስጥ ያድጋል። «ልጁን ከዳ» አሉ። «እዚህ ሴት ይዞ ነው» አሉ። ክራባት አድርጎ ሽንት ቤት የሚያጥብ ሽማግሌ ሴት ሲይዝ ታየኝና ሳቅኩ፣ ነገሩን ግን አልተውኩትም። አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ አብሽ ሲገዙ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰው የሚለውን ሰምተዋል?»

«ሰው ብዙ ይላል።»

«ልጅትዋ እዚያ እየጠበቀች እርስዎ እዚህ አብሽ ይመርጣሉ! ምራቅ መስጠት ምን ያቅታል? ምን ዓይነት አባት ነዎት?»

ጮኼ ነበር መሰለኝ ቅመም ሻጩ ባንግላዴሻዊ ቀና ብሎ አየን። መምህር ደጀኔ አብሹን መልሰው አስቀመጡና ክንዴን ይዘው ወደ አግዳሚው ወሰዱኝ።

«ሐዊን አልወለድኳትም ጽጌ» አሉ።

የጎረቤታቸው ልጅ ናት። የወለደቻት እናቷ በወሊድ ሞተች፣ አባቷ ሌሎች አምስት ልጆች ነበሩት። መምህሩና ባለቤታቸው ደግሞ ልጅ አልነበራቸውም። በአገሩ ባህል፣ በጉዲፈቻ ተሰጠቻቸው። «ሽማግሌዎች ተቀምጠው እኔና ባለቤቴ ማልን» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከአብራካችን የወጣች ናት፤ አሳደግናት የሚል ቃል ከአፋችን አይወጣም ብለን። ጎረቤቱም አብሮን ማለ። አንድን ልጅ አልተወለድክም ብሎ መናገር እኛ ሰፈር እንደ መግደል ነው። እሷም አታውቅም።»

«እዚህስ? ለመንግሥት ምን አሉ?»

«ካስቴልኑቮ ሳለሁ ለጥያቄ ቀረብኩ። ልጅ አለህ? አሉኝ፣ አለችኝ አልኩ። የወለድካት ናት? አሉኝ። አስተርጓሚው አበሻ ነው፣ የአገሬ ሰው ፊት ነው የምናገረው። የማልኩትን ተናገርኩ። ከአብራኬ የወጣች አልኩ። እንደዚያው ተጻፈ።»

«አሁን ይናገሯ እውነቱን! ስህተት ከእኔ ጋር አያድርም ይሉ የለም እንዴ?»

«ይሄ ስህተት አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሲጮሁ ሰምቼያቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለምርመራው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? ክሩን ለማንበብ ቀሰሙን በመድኃኒት አሟሙተው ይደፉታል። ከዚያ ክሩን ብቻ ይዘው፣ የማን ነው? ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኔ አልነቅፈውም፣ አይሳሳትም። ክሩ የእኔ አይደለም። ቀሰሙ ነኝ እኔ።»

ግን እኔ በቀላሉ የምተው ሴት አይደለሁም። በሳምንቱ ጎትቼ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ወሰድኳቸው። ሴትየዋ ደግ ናት፣ ሁሉንም ሰማችን። መንገድ አለ አለች። ቀድሞ የተነገረው ለምን እንደዚያ እንደተነገረ መምህሩ ይጻፉ፣ አሳዳጊነታቸው ከአሰላ ፍርድ ቤት ወረቀት ይውጣለት። ልጅቷም ትልቅ ስለሆነች ተጠይቃ ቃሏን ትስጥ።

«እሷ ሳታውቅ አይሆንም?» ብለው፣ ራሳቸው መጠየቁ ከብዷቸው በእኔ በኩል አስጠየቁ።

«ኖ» አለች ጠበቃዋ። «እሷ ማወቅ አለባት።»

ተነሥተው አመሰገኗትና ወጡ። ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። «እዚህ መጥታ አባት ከምታጣ፣ እዚያ ሆና አባት ይኑራት» አሉኝ።

«በስልክ አባት ይሆናል እንዴ?» አልኳቸው። ያን ቃል ዛሬ ብመልሰው እወዳለሁ። እሳቸው ለማንም እንዳልናገር ብቻ አስማሉኝ፣ ለሐዊ በተለይ። በእመቤቴ ማልኩ።

ለሐዊ «ወረቀቱ አልሆነም» አሏት። ከሮም ወደ አሰላ ወሬ ለመሄድ አንድ ቀን አይፈጅበትም፣ አባቷ ምርመራውን እምቢ ማለታቸውን ሰማች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስልክ ማንሳት ተወች። በልደታቸውም በፋሲካም አላነሳችም። መምህር ደጀኔ ግን እሑድ እሑድ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የድምፅ መልእክት ይልኩላታል። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ። «ሐዊ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የዛሬው ትምህርት ስለ ቀሰሞቹ ጭራ ነው። እያንዳንዷ ቀሰም ጭራ ጭራ የመሰሉ ጫፎች አሏት፣ እነሱ ላይ ትንሽ ምልክት ሲደረግ ክሩ ይላላል ወይም ይጠብቃል። ደብተርሽ ላይ ጻፊው።» ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እንዲህ ሲሆን አይከፋዎትም?» አልኳቸው።

«ትናደድ። አባቷ ላይ መናደድ መብቷ ነው» አሉኝ። «አየሽ፣ አባቷ ላይ ነው የተናደደችው።»

እንዲህ አምስት ዓመት አለፈ። ቀዩ ካፖርት ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ልጅቷ ካደገች በኋላም አልተነሳም። እኔ ከጽዳቱ ለቅቄ ከከተማው ማዶ አንዲት አሮጊት ቤት እያደርኩ መሥራት ጀመርኩ። በየሳምንቱ እደውልላቸው ነበር፣ ከዚያ በየወሩ ሆነ። የመጨረሻው ወር ረሳሁ። ሰበብ አልደረድርም፣ ረሳሁ። እሳቸው አውቶቡስ እየጠበቁ ወድቀው ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ ሦስት ቀን ተኝተው ሲያርፉም፣ እኔ አሮጊቷን ሾርባ አጠጣ ነበር። በኋላ ሆስፒታሉ ሄጄ ያገኘኋት ነርስ እንደነገረችኝ፣ ቤተሰብ አለህ ወይ ሲባሉ በጣልያንኛ አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሱት፤ ልጅ አለችኝ አሉ። በየትኛው ቁጥር እንደሚደወልላት ግን ለመናገር አልቻሉም።

ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ያቺ ማለዳ የምትመጣው ተመራማሪ መጥታለች፤ ከሁላችን ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት። በኋላ ክፍላቸውን እኔ አጸዳሁት። ዕቃ ብዙ አልነበራቸውም። ገመድ የሚባል ነገር፣ የስልክ ቻርጀራቸው ሳይቀር፣ ተስተካክሎ ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት። ካፖርቱን ማንሳት አቅቶኝ መጨረሻ ላይ ተውኩት።

በሳምንቱ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለልኝ።

«እትዬ ጽጌ? ሐዊ ነኝ። የመምህር ደጀኔ ልጅ።» አሰላ ያሉ የድሮ ባልደረቦቻቸው ማለዳ መጥተው መርዶውን ነግረዋታል። «አባዬ አንድ ነገር ብሆን ለጽጌ ደውዪ ብሎ ቁጥርሽን በመልእክት ልኮልኝ ነበር።»

«መልእክቱን ትሰሚው ነበር ማለት ነው?» አልኳት። ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩም።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ሐዘንተኛ ላይ መጮህ ነውር ነው፣ ጮኽኩባት። «ታዲያ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አቤት ብትይው ምን ነበረበት? አምስት ዓመት ሙሉ ብቻውን አግዳሚ ላይ ሲያወራ!»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ታውቂ እንደሆን አላውቅም» አለች። «አባዬ አልወለደኝም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣልቼ እሷ ነገረችኝ፤ ለካ የሥጋ እህቴ ናት። ለማንም አልተናገርኩም። እንደማውቅ ካወቀ ልቡ ይሰበራል ብዬ።»

«ቀጥዪ» አልኳት።

«ምርመራውን እምቢ ማለቱን ስሰማ ወዲያው ገባኝ። እኔ እንዳላውቅ ብሎ ነው። ልጁን ወደ ራሱ ማምጣቱን ትቶ ነው ምስጢሩን የጠበቀልኝ። ስልኩን አንስቼ ካናገርኩት አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ ምን ሆንሽ ይለኛል። አባዬ ከጠየቀኝ ደግሞ መዋሸት አልችልም፣ ታውቂው የለ፣ ሳያርመኝ አይተወኝም። ስለዚህ የተናደድኩ መሰልኩ። አወቀች ከሚል፣ ተናደደች ቢል ይሻለዋል ብዬ።»

አምስት ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ምስጢር ይዤ ነበር። የእሷን አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩምም። አንድ ቀን መሐላዬን ጥሼ ብደውልላት ኖሮ አባትና ልጅ በማግስቱ ባወሩ ነበር፤ ጠበቃዋ ያለችው ወረቀት ተጽፎ ካፖርቱ ሳይጠባት በደረሰች ነበር። ቃል ጠባቂ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። አሁን አልኮራም።

«እንደማውቅ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆኗል።

አዎ ብላት እንደሚቀላት አውቃለሁ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የመምህር ደጀኔ ልጅ ናት፤ ስህተት ይዛ እንድታድር አልፈለግኩም።

«አያውቁም ነበር» አልኳት። «ግን ስለ አንቺ አንድ ነገር ብለውኛል። ክሩ የእኔ አይደለም፣ ቀሰሙ ነኝ እኔ አሉኝ።»

ከዚያ ወንበር ሲጎተት፣ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማኝ።

«ቆይ እትዬ» አለችኝ። «ደብተሬን ላውጣ። አሁን በቀስታ ድገሚልኝ።»